የአየር ሁኔታ ቃላትን ያለ ሽምደዳ፦ በደብተር፣ በሃይላንድና በቴርሞሜትር

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት የጂኦግራፊ ደብተሯን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ነገ ፈተና አለብኝ፣ እስቲ ጠይቀኝ» አለችኝ። «ሪሌቲቭ ሂዩሚዲቲ ምንድን ነው?» አልኳት። ዓይኗን ጨፍና እንደ ዳዊት አነበነበችው። አንድ ቃል አልሳተችም። «ጎበዝ። ታዲያ ዛሬ ጠዋት ሣሩ ላይ የነበረው ጤዛ ከየት መጣ?» ስላት ግን ጭጭ አለች።

በእሷ አልፈርድም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ነገሩ ያለው ደግሞ ጓሮ ውስጥ ነው፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው የለም። ስለዚህ ቃሉን ከመሸምደድ በፊት ነገሩን መለካት ይሻላል። አንድ ወር ብቻ ለክታችሁ ጻፉ፤ ትርጉሙ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ከዚህ በታች ያለው እኔና እሷ ያደረግነው ነው፣ ከነስህተታችን።

1. መጀመሪያ ሁለቱን ቃላት ለዩ

ዌዘር የአየር ሁኔታ ነው፤ አንዳንዱ የአየር ጠባይ ይለዋል። ክላይሜት ደግሞ የአየር ንብረት ነው። ፈተና ላይ በብዛት የሚምታቱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ዛሬ ብርድ ስለሆነ ጋቢ ደረባችሁ፤ ይህ የአየር ሁኔታ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ግን ማንም ቤት ብትገቡ ጋቢና ብርድ ልብስ አታጡም፤ ይህ የአየር ንብረት ነው። የመጀመሪያው የሰዓታትና የቀናት ጉዳይ ሲሆን ሁለተኛው የብዙ ዓመት አማካይ ነው። በዓለም ደረጃ የተለመደው መለኪያ 30 ዓመት ነው፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። ስለዚህ «ዛሬ በጣም ሞቀ፣ የአየር ንብረት ተለወጠ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በአንድ ቀን የ30 ዓመት ሥራ እየሠራ ነው ማለት ነው።

2. ደብተር አዘጋጁ፣ ሰዓት ቁረጡ

አንድ ገጽ ላይ ሰባት ዓምድ አስምሩ፦ ቀን፣ ከፍተኛ ሙቀት፣ ዝቅተኛ ሙቀት፣ ዝናብ፣ ነፋስ፣ ደመና፣ ልዩ ነገር። የመጨረሻው ዓምድ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። «ጠዋት ጉም ነበር»፣ «ከሰዓት ነጎደ»፣ «በረዶ ጣለ» የሚለው የሚገባው እዚያ ነው፤ ወር ሲሞላ ከሁሉም በላይ የምታነቡት እሱን ነው።

የአገራችን ጣቢያዎች ዝናብ የሚለኩት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ 1 ሰዓት አድርጉት። ዋናው ነገር ሰዓቱ በየቀኑ አንድ መሆኑ ነው፤ ዛሬ በ1፣ ነገ በ4፣ ከነገ ወዲያ ስታስታውሱ ከሆነ ቁጥሩ ከቁጥር ጋር አይነጻጸርም።

3. ሙቀት ለኩ

የትኩሳት መለኪያ አይሆንም። እሱ የተሠራው ለሰውነት ሙቀት ስለሆነ ከ35 በታችና ከ42 በላይ አያነብም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቀላሉ ቴርሞሜትር ይበቃል። ስልካችሁ ላይ ያለው ቁጥርም የእናንተን ጓሮ አይናገርም፤ ለሰፊ አካባቢ በኮምፒዩተር የተሰላ ግምት ነው።

ቴርሞሜትሩ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም። ፀሐይ ላይ ካደረጋችሁት የለካችሁት አየሩን ሳይሆን የጋለውን ቴርሞሜትር ነው። የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ ግቢ ውስጥ የምታዩት፣ በእግር የቆመ፣ ነጭ የተቀባ፣ ጎኑ እንደ መስኮት መዝጊያ የተሰነጣጠቀ ሳጥን ለዚህ የተሠራ ነው። ስቲቨንሰን ስክሪን ይባላል። ነጭ የሆነው ፀሐይን እንዲመልስ፣ የተሰነጠቀው ነፋስ እንዲያልፍበት ነው፤ ከመሬት ከፍ ያለው ደግሞ የመሬቱ ግለት እንዳይደርስበት። እናንተም ይህንኑ ምሰሉ፦ ጥላ ያለበት፣ አየር የሚዘዋወርበት፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ያለ ቦታ። ከኩሽና ግድግዳ ራቁ። እኛ መጀመሪያ የሰቀልነው የኩሽናው በር አጠገብ ነበር፤ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ግቢያችን አፋር ይሆን ነበር።

ከፍተኛና ዝቅተኛውን ለይቶ የሚይዝ መሣሪያ ከሌላችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ ጎህ ሲቀድ 12 ሰዓት ላይና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ። ምድር ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ስታጣ ታድርና ዝቅተኛው የሚመዘገበው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ወይም እንደወጣች ነው። ከፍተኛው ደግሞ 6 ሰዓት ላይ አይደለም። ፀሐይ አናት ካለፈች በኋላም መሬቱ ከሚያጣው የሚቀበለው ስለሚበልጥ ሙቀቱ ለሁለት ለሦስት ሰዓት መውጣቱን ይቀጥላል።

አሁን ስሌቱ። ዝቅተኛው 9፣ ከፍተኛው 24 ሆነ እንበል።

የዕለት አማካይ ሙቀት፦ 24 ሲደመር 9፣ ለ2 ሲካፈል፣ 16.5 ዲግሪ።
የዕለት የሙቀት ልዩነት፦ 24 ሲቀነስ 9፣ 15 ዲግሪ።

የወር አማካይ የሁሉም ቀናት አማካይ ተደምሮ ለቀናቱ ብዛት ሲካፈል ነው። ወጥመዱ ያለው የዓመት የሙቀት ልዩነት ላይ ነው። ብዙ ተማሪ የዓመቱን በጣም ሞቃት ቀን ወስዶ የዓመቱን በጣም ቀዝቃዛ ቀን ይቀንስበታል። ስህተት ነው። የሚቀነሰው የቀዝቃዛው ወር አማካይ ከሞቃቱ ወር አማካይ ላይ ነው።

ይህን ስትሠሩ አንድ ደስ የሚል ነገር ታያላችሁ። አዲስ አበባ ላይ በወራት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን በአንድ ቀን ውስጥ፣ በጠዋትና በከሰዓት መካከል፣ 15 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊለያይ ይችላል። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የፀሐይዋ አቅጣጫ በዓመት ውስጥ እንደ አውሮፓ ብዙ አይቀያየርም። በጋ ላይ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ሌሊት የሚያግደው ብርድ ልብስ የለውም። ጠዋት በጃኬት ወጥቶ ከሰዓት ጃኬቱን በእጁ ይዞ የሚመለስ ሰው ሁሉ ይህን በሰውነቱ ያውቀዋል፤ ስሙን ብቻ ነው ያልነገሩት።

4. ጥላችሁን ለኩ

ይህ ላቲትዩድን፣ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ በዲግሪ ያለንን ርቀት፣ ለመረዳት ነው፤ ዱላ ብቻ ይበቃል። ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። እኩለ ቀን ላይ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጥላው ወዴት እንደወደቀ እዩ። አብዛኛው መጽሐፍ የተጻፈው ለሰሜን ሰዎች ስለሆነ ጥላው ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል ይላል። የእኛ እንደዚያ አይደለም። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 አካባቢ፣ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትሆናለች። በእነዚያ ቀናት የዱላው ጥላ እግሩ ስር ይገባል። በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ ጥላውም ወደ ደቡብ ይወድቃል። የነሐሴዋ በደመና ስለምትሸፈን በሚያዝያዋ ሞክሩ።

5. ከፍታን ወደ ሙቀት ቀይሩ

ላፕስ ሬት የሚባለው ይህ ነው። በአማካይ 1,000 ሜትር ከፍ ባላችሁ ቁጥር ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፤ በ100 ሜትር 0.65 ማለት ነው።

እንሥራው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ናቸው። ልዩነቱ 1,200 ሜትር። 12 ጊዜ 0.65፣ 7.8 ዲግሪ። የአዲስ አበባ የዓመት አማካይ 16 ገደማ ስለሆነ ድሬዳዋ 24 አካባቢ ትሆናለች ብለን እንገምታለን። እውነተኛው 25 ገደማ ነው። ለቀላል ስሌት መጥፎ አይደለም።

«ተራራ ላይ ስንወጣ ወደ ፀሐይ እየቀረብን ነው፣ ታዲያ ለምን ይበርዳል?» የምትል ጥያቄ አለች። አየሩን በዋናነት የሚያሞቀው ፀሐይ በቀጥታ ሳይሆን የሞቀው መሬት ነው፣ ልክ ምጣድ ከታች እንደሚያሞቅ። ከፍ ስንል ደግሞ አየሩ ይሳሳል፣ ሙቀት የሚይዝ ነገር ይቀንሳል። ወደ ፀሐይ የምንቀርበው ጥቂት ኪሎ ሜትር ከ150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አንጻር ከቁጥር አይገባም።

ደንቡ የሚገለበጥበት ጊዜም አለ። የበጋ ጠዋት ከእንጦጦ ቆማችሁ ወደ ታች ብታዩ ጭሱ ከከተማው በላይ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ሌሊት የቀዘቀዘው ከባድ አየር ወደ ዝቅተኛው ቦታ ፈስሶ ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላዩ ይሆናል፣ ጭሱም መውጫ ያጣል። ኢንቨርሽን ይባላል። ገበሬ ይህን ያለ ስም ያውቀዋል፤ ውርጭ መጀመሪያ የሚመታው ሸለቆ ውስጥ ያለውን ማሳ ነው እንጂ ተዳፋቱን አይደለም።

ከፍታውን ይዛችሁ የአገራችንን የአየር ንብረት ክልሎች መድቡ፦

ከ500 ሜትር በታች በረሃ፤
ከ500 እስከ 1,500 ቆላ፤
ከ1,500 እስከ 2,300 ወይና ደጋ፤
ከ2,300 እስከ 3,300 ገደማ ደጋ፤
ከዚያ በላይ ውርጭ።

የድንበሩ ቁጥር ከመጽሐፍ መጽሐፍ ትንሽ ይለያያል፤ መምህራችሁ የሰጣችሁን ያዙ። ጫፎቹን ግን አትርሱ፤ ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተለካው የዓመት አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ በላይ የሆነ ቦታ ነው፣ ራስ ዳሸን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ። እና ልብ በሉ፣ ውርጭ አንዴ የክልል ስም ነው፣ አንዴ ደግሞ ሌሊት ሰብል የሚያቃጥለው ብርድ ነው። ፈተናው የትኛውን እንደጠየቀ አንብቡ።

6. የዝናብ መለኪያ ሥሩ

ወደምወደው ክፍል መጣን። የሚያስፈልገው አንድ የሁለት ሊትር ሃይላንድ፣ መቁረጫ፣ ማስመሪያና ጥቂት ጠጠር ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ሃይላንድ ምረጡ፤ ወገቡ የጠበበው ንባቡን ያበላሻል።

አንገቱ መስፋት የጨረሰበት ቦታ ላይ ቁረጡት። የተቆረጠውን አንገት ክዳኑን አውጥታችሁ ገልብጡትና እንደ ማንቆርቆሪያ ወደ ውስጥ ክተቱት። ይህ ውሃውን ይሰበስባል፣ እንዳይተንም ያግዛል። ታች ጠጠር ጨምሩ፣ ነፋስ እንዳይጥለው። የሃይላንድ ቂጥ ጉብጥብጥ ስለሆነ እዚያ ላይ መለካት አይቻልም፤ ስለዚህ ቀጥ ያለው ጎን እስኪጀምርና ጠጠሩ እስኪሸፈን ድረስ ውሃ ጨምሩና መስመር አስምሩ። ዜሮ እሱ ነው። ከዜሮ ወደ ላይ በሚሊ ሜትር ምልክት አድርጉ።

የሚቀመጥበት ቦታ ከመሣሪያው ይበልጣል። ከዛፍ፣ ከአጥርና ከግድግዳ ራቅ ያለ ክፍት ቦታ መሆን አለበት፤ ቢያንስ የዛፉን ወይም የግድግዳውን ቁመት እጥፍ ያህል ራቁ። ግድግዳው 3 ሜትር ከሆነ 6 ሜትር ማለት ነው። እኛ መጀመሪያ ያስቀመጥነው ከቆርቆሮው ጠርዝ ብዙም ሳንርቅ ነበር። በማግስቱ ልጅቷ እየሮጠች መጥታ «ጋሼ፣ 90 ሚሊ ሜትር!» አለች። ለካ የጣሪያውን ፍሳሽ ነው የሰበሰብነው። ቦታ ቀየርን፤ በሦስተኛው ቀን የጎረቤት ዶሮ ገለበጠችው። ከዚያ በኋላ በሦስት ድንጋይ አስደገፍነው።

ስታነቡ ጎንበስ ብላችሁ ዓይናችሁን ከውሃው እኩል አድርጉ። ውሃው ጠርዙ ላይ ትንሽ ይወጣል፤ የሚነበበው መሐሉ ነው። ከጻፋችሁ በኋላ እስከ ዜሮው ድረስ ድፉት። ዝናብ ሳይኖር ውሃው ከዜሮ በታች ከወረደ ተንኗል ማለት ነው፣ ሙሉት።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ምን ያህል ነው? አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር። ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 800 ሊትር ይወርዳል። አራት በርሜል ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ለማነጻጸር ያህል፣ አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ክረምት ላይ ነው። የደቡብ ምዕራቧ ጎሬና አካባቢዋ ከአገሪቱ በጣም ዝናባማ ከሆኑት ቦታዎች ናቸው። ለምን እዚያ? ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ተራራውን ለመውጣት ይገደዳል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱን ይጥላል። ኦሮግራፊክ ዝናብ ይህ ነው። ደጋውን አልፎ አፋር ሲደርስ የሚሰጠው ብዙ አይቀረውም፤ ከተራራ ጀርባ ያለ ደረቅ ቦታ የዝናብ ጥላ ይባላል። ሁለተኛው ዓይነት መሬት ጋለ፣ አየር ወደ ላይ ተነሣ፣ ከሰዓት በኋላ ነጎደ የሚባለው ኮንቬክሽናል ነው። ሦስተኛው፣ ፍሮንታል፣ ሞቃትና ቀዝቃዛ የአየር ክምችቶች ሲጋጩ የሚመጣው ነው። እሱ በዋናነት የመካከለኛው ላቲትዩድ ነው፤ አውሮፓ ያለ ዘመዳችሁ «ሦስት ቀን ሙሉ ያካፋል» ብሎ የሚያማርረው ብዙ ጊዜ እሱን ነው።

ስለ ቃላት ካነሣን፣ አማርኛችን በረዶ በሚለው ቃል ሦስት ነገር ይጠራል። ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጠር በረዶ ሄይል ነው። እንደ ጥጥ የሚወርደው ስኖው ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያለው አይስ ነው። ተርጉሙ ከተባላችሁ የትኛው እንደሆነ ለዩ። በሌላ በኩል ለዝናብ ግን ሀብታም ነን፤ ካፊያና ዶፍ ማለት ሲቻል «ቀላል ዝናብ» እና «ከባድ ዝናብ» ብሎ መጻፍ ያሳዝናል።

7. እርጥበትን በጣሳ ያዙት

ሞቃት አየር ትልቅ እንስራ፣ ቀዝቃዛ አየር ትንሽ ጀበና አድርጋችሁ አስቡ። ሁለቱም ውስጥ አንድ ስኒ ውሃ ብትጨምሩ ጀበናው ይሞላ ይሆናል፣ እንስራው ግን ታቹ ብቻ ይርሳል። የውሃው መጠን አንድ ነው፤ የተለየው ከዕቃው አቅም አንጻር ያለው ድርሻ ነው። ሪሌቲቭ ሂዩሚዲቲ፣ አንጻራዊ እርጥበት፣ ይህ ድርሻ ነው፤ በመቶኛ ይነገራል። አየሩ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እንስራው ወደ ጀበና ይጠባል። 100 በመቶ ሲደርስ ይፈሳል። የፈሰሰው ሣሩ ላይ ሲያርፍ ጤዛ ነው።

ይህን ማየት ትችላላችሁ። የብርጭቆ ወይም የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ውሃ ጨምሩ፣ ቴርሞሜትሩን ክተቱ፣ በረዶ ቀስ በቀስ እየጣላችሁ አማስሉ። የጣሳው ውጪ መደብዘዝ ሲጀምር ቁጥሩን አንብቡ። እሱ የዚያች ሰዓት የጤዛ ነጥብ ነው፣ ዲው ፖይንት። ጣሳው አላፈሰሰም፤ ውሃው የመጣው ከክፍሉ አየር ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ስታይ ጣሳውን ሁለት ጊዜ በጨርቅ ወልውላ መልሳ አየችው። ከዚያ በኋላ ስለ ጤዛ አልጠየቅኳትም።

ጉምና ደመናስ? አንድ ናቸው። ልዩነቱ እናንተ የቆማችሁበት ነው። ከታች ሆኖ «እንጦጦን ደመና ሸፈነው» ለሚለው ሰው ደመና ነው፤ እዚያ ላይ ቆሞ እጁን ለማየት ለሚቸገረው ጉም ነው። ከ1 ኪሎ ሜትር በታች ብቻ ማየት ከቻላችሁ ጉም በሉት፣ ከዚያ በላይ ከታያችሁ ጭጋግ። ደመናን ለመመዝገብ ሰማዩን ስምንት ቦታ ከፍላችሁ ስንቱ እንደተሸፈነ ጻፉ፤ ግማሽ ከሆነ 4 ከ8።

8. ነፋስና ግፊት፣ በአጭሩ

ነፋስ የሚሰየመው በሚመጣበት አቅጣጫ ነው፣ በሚሄድበት አይደለም። የምሥራቅ ነፋስ ከምሥራቅ ይመጣል። ዱላ ላይ የፌስታል ቁራጭ ብታስሩ ፌስታሉ የሚጠቁመው ነፋሱ የሚሄድበትን ስለሆነ ተቃራኒውን ጻፉ። ኃይሉን ለመገመት ጭስ ቀጥ ብሎ ከወጣ ነፋስ የለም፤ ፊታችሁ ላይ ከተሰማችሁና ቅጠል ከተንሿሿ ቀላል ነው፤ አቧራና ወረቀት ካነሣ መካከለኛ።

የአየር ግፊት ከበላያችሁ ያለው አየር ክብደት ነው። በባሕር ወለል 1,013 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው። ከፍ ሲሉ ከላይ ያለው አየር ስለሚቀንስ ግፊቱም ይቀንሳል። መሣሪያ ባይኖራችሁም ድስት አላችሁ፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሽምብራ ያለ ግፊት ድስት አልበስል ብሎ የሚያስቸግረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ቆላ ላይ ያለች አክስታችሁ ቶሎ ይበስልላታል።

9. ክረምትን ከ«ሰመር» አትጋጩ

እዚህ ላይ የወደቀ ተማሪ ብዙ ነው። መዝገበ ቃላት ሰመርን በጋ፣ ዊንተርን ክረምት ብሎ ይተረጉማል። የጂኦግራፊ መጽሐፉ ደግሞ «አብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ የሰመር ዝናብ ያገኛል» ይላል። ተማሪው በጋ ላይ ዝናብ? ብሎ ግራ ይጋባል። ሰመር በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ እኛ ደግሞ ያንን ጊዜ ክረምት እንለዋለን። ስለዚህ መጽሐፉ ልክ ነው፣ ትርጉሙ ነው የሚያሳስተው። እነሱ ወቅቱን የሚሰይሙት በሙቀት፣ እኛ በዝናብ ነው። ቃሉን ትታችሁ ወሩን ያዙ። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ዝናባቸው የሚመጣው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ብርዳማ ወራት ስለሆነ በክረምትና በጋ ሲያወሩ ነገሩ ይበልጥ ይጠላለፋል።

ሌላም አለ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፣ ወቅቶቹም አራት ናቸው፤ መፀው፣ በጋ፣ ፀደይ፣ ክረምት። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ግን ዓመቱን በሦስት ይከፍላል፤ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም። ትንበያ ስትሰሙ «የበልግ ዝናብ» የሚሉት በዚህ አከፋፈል ነው።

ዝናቡን የሚያመጣና የሚወስደው ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱ ነፋሳት የሚገናኙበት መቀነት ነው፣ በመጽሐፉ አጠራር አይቲሲዜድ። ፀሐይን ይከተላል፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ። ሐምሌ ላይ ወደ ሰሜን ወጥቶ ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣ እርጥብ አየር ወደ እኛ ይገባል። ታኅሣሥ ላይ ከምድር ወገብ በታች ይወርዳል፣ እኛ ላይ ከዓረብ በኩል የሚመጣ ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል። ሲወጣም ሲወርድም በደቡብና ደቡብ ምሥራቅ በኩል ስለሚያልፍ ቦረናና ሶማሌ አካባቢ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፣ ሐምሌ ላይ ግን ደረቅ።

10. ከአንድ ወር ወደ 30 ዓመት

አሁን የአንድ ወር ደብተር አላችሁ። የአየር ሁኔታ መዝገብ ነው፣ የአየር ንብረት አይደለም። ለአየር ንብረት የከተማችሁን የ12 ወር የረጅም ጊዜ አማካይ ከመጽሐፋችሁ ውሰዱና ክላይሞግራፍ ሣሉ። ከታች 12ቱ ወራት፣ በግራ ዝናብ በሚሊ ሜትር፣ በቀኝ ሙቀት በዲግሪ። ዝናብ በቆመ ሣጥን፣ ሙቀት በመስመር። አዲስ አበባን ከሣላችሁ መስመሩ ጠፍጣፋ፣ ሣጥኖቹ ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንደ ፎቅ የቆሙ ይሆናሉ። ስቶክሆልምን አጠገቡ ብትሥሉ ተራራ የሚሆነው የሙቀቱ መስመር ነው። ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ይልቅ ሁለቱ ሥዕሎች ይነግሯችኋል።

ከዚያ የራሳችሁን ወር አማካዩ አጠገብ አስቀምጡ። የቀረው ወይም የበለጠው አኖማሊ ይባላል፣ ከተለመደው የመራቅ መጠን። ድርቅም የሚለካው በዚህ ነው። ዳሎል ላይ አልዘነበም ማለት ድርቅ ገባ ማለት አይደለም፤ እዚያ አለመዝነብ የተለመደ ነው። ወሎ ላይ ሐምሌ ሳይዘንብ ካለፈ ግን ድርቅ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ ምድር ወገብ አካባቢ ከተለመደው በላይ ሲሞቅ፣ ኤልኒኖ ሲሆን፣ የእኛ ክረምት የመዳከም ዝንባሌ አለው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የሆነውን አስታውሱ። ላኒና ሲሆን ደግሞ በደቡብና ደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለው ዝናብ ይጎዳል፤ ቦረናና ሶማሌ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ያጡት በዚያ ጊዜ ነው።

ቁጥራችሁ ከአማካዩ እጥፍ ከሆነ ወይም ከግማሽ በታች ከወረደ ደግሞ ኤልኒኖን ከመጥራታችሁ በፊት ሃይላንዱን ሄዳችሁ እዩት። ተቀድዶ ይሆናል፣ ወይም ዶሮዋ ተመልሳለች።